ከአንደኛ ኮርኔት ወደ ሦስተኛ

ወደ ጉለሌው የማርሽ ባንድ የሄድኩት ልነፋ ሳይሆን ልጠግን ነበር። ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ ሁለተኛው ዓመት ነው። ቀጨኔ ቆርቆሮና መዳብ እቀጠቅጥ ስለነበር የሰረጎደ ኮርኔት እንዳቃና አስጠሩኝ። ኮርኔት አጭር ጥሩምባ ነው፤ በጣት የሚጫኑት ሦስት ቁልፍ አለው፤ የቀረው የከንፈርና የትንፋሽ ሥራ ነው። አቃንቼ ስጨርስ አየር እንዳያስወጣ ለመሞከር ነፋሁት። ማኤስትሮ የሚሉት ሽበታም ጣሊያን፣ የባንዱ መሪ፣ ከአዳራሹ ብቅ አለ።

«አንተ፣ እንደገና!» አለኝ በተሰባበረ አማርኛ። እንደገና ነፋሁ። በማግስቱ ወንበር ተሰጠኝ።

ስለ ሥራው አልዋሽም። የምንነፋው ለጠላት ሰልፍ ነበር። የሚያውቁኝ ሰዎች መንገድ ላይ ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር፤ እውነታቸውን ነው። ሚስትና ሁለት ልጆች ነበሩኝ። ከባንዱ የተባረረ ሰው መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ሊፈልጥ ይላካል፤ ከዚያ ደም እየተፋ የተመለሰ ጎረቤት ነበረኝ። ይህን የምጽፈው ምክንያቴን ለማስረዳት እንጂ ራሴን ነጻ ለማውጣት አይደለም።

ማኤስትሮው አዲስ ማርሽ ሲያመጣ መጀመሪያ የየመሣሪያውን ዜማ አንድ አንድ ጊዜ ያንጎራጉርልናል፤ ከዚያ ኖታ የተጻፈበትን ወረቀት ያድለናል። እኔ ኖታ አላነብም ነበር። ጆሮዬ ግን አንዴ የሰማውን አይጥልም። ወረቀቱን ፊቴ ዘርግቼ፣ ዓይኔን መስመር ለመስመር እየነዳሁ፣ በጆሮዬ የያዝኩትን እነፋለሁ። ገጹን የምገልጠው ሌሎቹ ሲገልጡ አይቼ ነበር።

በስድስት ወር አንደኛ ኮርኔት ሆንኩ። አንደኛው ዋናውን ዜማ ይነፋል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ከሥር ያጅቡታል። የኮርኔቶችን ልምምድ የሚመራም እሱ ነው። ጨካኝ መሪ ነበርኩ። አስፋው የሚባለው ሁለተኛ ኮርኔት በሳተ ቁጥር «ወረቀቱን እይ! ዓይን የተሰጠህ ለምንድን ነው?» እለው ነበር። ይህን ሳስታውስ ዛሬም አፍራለሁ።

አንድ ሰኞ ማኤስትሮው ጉሮሮው ተዘግቶ መጣ። ለእሑድ ሰልፍ የሚሆን አዲስ ማርሽ አደለን። ማንጎራጎር ስላልቻለ በቀጥታ የሚመራበትን ቀጭን ዱላ አነሳ። ማርሹን የሚከፍተው አንደኛ ኮርኔት ብቻውን ነበር። ዱላው ወረደ፤ እኔ ኮርኔቴን ከአፌ አወረድኩ። ከንፈሬን ይዤ «አብጧል» አልኩ። እስከ ማግስቱ ጊዜ ሰጠኝ።

በባንዱ ውስጥ አጥርተው የሚያነቡት ቱባ ነፊው አቶ ወልዴ ነበሩ። ከሁላችን በዕድሜ ይበልጣሉ፤ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረዋል፤ ጣሊያንኛም ያውቃሉ። ቱባ ትልቁና ወፍራም ድምፅ ያለው መሣሪያ ስለሆነ፣ እኔ ከኋላቸው «ላሟ አገሳች» እያልኩ ሰው አስቅ ነበር። ያን ቀን ወደ ቀጨኔ ሲወርዱ ሮጬ ደረስኩባቸው።

«አቶ ወልዴ፣ የኔን ዜማ አንዴ ብቻ ያንጎራጉሩልኝ።»

«ኖታው እጅህ ላይ አይደል እንዴ?»

«ዓይኔን አሞኝ ነው።»

«ጠዋት ከንፈርህ ነበር። ነገ ደግሞ ጆሮህ ሊሆን ነው?»

ለሚስቴ እንኳ ያልነገርኩትን ተናገርኩ። «አላነብም።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ባለፈው ወር የክላርኔት ወረቀት ዘርግተህ ኮርኔት ስትነፋ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ላም ስታገሳ ማን ይሰማታል ብለህ?»

መሬት መሬት አየሁ። እሳቸው ግን መንገዳቸውን አልቀጠሉም።

«ዛሬ ባንጎራጉርልህ እሑድን ታልፋለህ። የሚቀጥለው ማርሽ ሲመጣስ? ፊደሉን አስተምርሃለሁ፤ ዜማውን ግን አልሰጥህም። መጀመሪያ ለማኤስትሮው ንገረው። እኔ እተረጉምልሃለሁ።»

ቤት ገብቼ ሚስቴን ለመንገድ ሥራ የሚሆን ስንቅ እንድታዘጋጅልኝ ነገርኳት። «ምን አጠፋህ?» አለችኝ። «ዋሸሁ» አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም፤ በሶ ፈጨች።

በማግስቱ በባንዱ ሁሉ ፊት ተናገርኩ። አቶ ወልዴ ተረጎሙ። ማኤስትሮው ፊቱ ቀላ፤ በዚያ በተዘጋ ጉሮሮው እየታነቀ ብዙ ተናገረ። እጁን አወናጨፈ፤ ሳለ፤ እንደገና ቀጠለ።

«ምን አለ?» አልኩ።

«ሦስተኛ ወንበር ሂድ አለህ።»

«ይህን ሁሉ ተናግሮ?»

«የቀረው ስድብ ነው። ልተርጉምልህ?»

«ይቅር።»

ያላባረረኝ ከደግነቱ ይሁን የሚነፋ ሰው ስላነሰው አላውቅም። እኔ ግን ቀለለኝ። ሦስተኛው ወንበር ላይ ስቀመጥ ከስድስት ወር በላይ ወደ ላይ ሰቅዬው የኖርኩት ትከሻዬ ወረደ። አስፋው አንደኛ ሆነ። ዞር ብሎ «ጋሼ፣ ወረቀቱን ይዩ እንግዲህ!» ሲለኝ ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። በዚያ አዳራሽ በራሴ ላይ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሦስተኛ ኮርኔት ብዙ ዝም የሚልበት ቦታ አለው። በጆሮ የሚነፋ ሰው ዝምታን አይቆጥርም፤ ጎረቤቱ እስኪጀምር ይጠብቃል እንጂ። ስለዚህ ሁልጊዜ በትንሹ ይዘገያል። አቶ ወልዴ ምቱን ጫማዬ ውስጥ በአውራ ጣቴ እንድቆጥር አስተማሩኝ። ባዶ ክብ አራት ምት፣ ባዶ ሆኖ ዘንግ ያለው ሁለት፣ ጥቁሩ አንድ። «የምታነበውን ንፋ፤ የማታነበውን ተወው» አሉኝ። በዚያ እሑድ ሰልፍ ላይ የነፋሁት አሥራ አንድ ድምፅ ብቻ ነው። አሥራ አንዱም በሰዓታቸው ገቡ።

ድምፅ መያዝንም ያኔ ተማርኩ። ከልምምድ በኋላ ወደ እንጦጦ ዳገት ያወጡኝና አንድ ድምፅ በዝግታ ያስጀምሩኛል። እሳቸው ከአንድ ባሕር ዛፍ ወደ ሌላው ይራመዳሉ፤ እስኪደርሱ ድምፁ መንቀጥቀጥ የለበትም። በየሳምንቱ አንድ ዛፍ ይጨምራሉ። ከዚያ በፊት ጮክ ብሎ መንፋት ጥሩ መንፋት ይመስለኝ ነበር። ቀስ ብሎ መንፋት ግን ከመጮህ የበለጠ ትንፋሽ ይፈልጋል።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ በሌላ ባንድ እያነበብኩ አንደኛ ኮርኔት ሆንኩ፤ ጡረታ እስክወጣም አልወረድኩም። ልጆቼን በቁጣ ነው ያሳደግኳቸው። ስለዋሹ እንጂ ስላላወቁ አልቀጣኋቸውም ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ቀጥቻቸዋለሁ። በዚያ ተሳስቻለሁ።

ኖታ የማያነብን ሰው ማስተማር ይቻላል። የሚያነብ መስሎ የተቀመጠው ግን መጀመሪያ ከወንበሩ መነሣት አለበት።