ወንድሟን ያከምኩበት ቀን

ባለፈው እሑድ ሊጠይቁኝ የመጡት ጎረቤታችን እትዬ ጽጌ እህቴን፣ «እህል ትቀምሳለች?» አሏት። እኔ እፊታቸው ተቀምጫለሁ። እህቴም፣ «ትንሽ ትንሽ ትበላለች፤ እንቅልፍ ነው እምቢ ያላት» ብላ መለሰችልኝ። ባሌ ዮናስ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ነው፤ ስለ እኔ የሚጠየቀው ሌላ ሰው ነው። ክፋት የለበትም። እኔም በሃያ ዓመቴ ያደረግኩት ይህንኑ ነበር።

ዕድሜዬ ሃያ ሰባት ነው፤ ለትዝታ ገና ነው ይሉ ይሆናል። ባሏን የቀበረች ሴት ግን ወጣትነቷን ከሩቅ ነው የምታየው።

እዚሁ ጅጅጋ ነርስነት እማር ነበር። ሶማሌዎች ጂላል የሚሉት ደረቅ ወቅት ነው፤ ነፋሱ አቧራውን በመስኮት እያስገባ ደብተራችን ላይ ይከምረዋል። መምህራችን ሲስተር አልማዝ ሆስፒታል ከመውጣታችን በፊት ጨዋታ ያጫውቱን ጀመር። አንዱ ተማሪ በሽተኛ፣ አንዱ አስታማሚ፣ አንዱ ነርስ ይሆናል። በሽተኛው ሕመሙ የተጻፈበት ካርድ ይይዛል፤ የሚመልሰው ግን የተጠየቀውን ብቻ ነው። ነርሷ በዘገየች ቁጥር ሲስተር የልብ ምትና የደም ግፊት የተጻፈባቸውን ካርዶች ይገለብጣሉ። ሁለት ጊዜ የወደቀ፣ ጓደኞቹ ሆስፒታል ሲወጡ እሱ ክፍል ይቀራል።

ተራዬ ሲደርስ በሽተኛዋ አብራን የምትማረው ሆዳን ሆነች፤ ከገጠር የመጣች፣ በወለደች በሦስተኛ ቀኗ ራሷን ያዞራት አራስ። በጨዋታው ከሶማሊኛ በቀር አትሰማም። ወንድሟ ዮናስ ሆነ። ያኔ ባሌ አልነበረም፤ ኪሱን የባቢሌ ለውዝ ሞልቶ የሚመጣ፣ ወሬ የማይደክመው የክፍል ጓደኛዬ ነበር።

ጅጅጋ ብወለድም ሶማሊኛዬ የገበያ ነው፤ ቲማቲም እጠይቅበታለሁ እንጂ በሽታ አልጠይቅበትም። ስለዚህ ወደ ወንድሟ ዞርኩ።

«ምን ሆና ነው?»

«ሙቀቱ ነዋ! ስድስት ሰዓት መኪና ላይ ነበርን። እኔንም ራሱ አዙሮኛል፣ ሲስተር።»

ክፍሉ ሳቀ። ውኃ ጥም ነው ብዬ የሚጠጣ አዘዝኩላት። ካርዶቹ ተገለበጡ፤ ምቱ ጨመረ፣ ግፊቱ ወረደ። እኔ አሁንም የምጠይቀው ዮናስን ነው። በመጨረሻ ሲስተር የሆዳንን ካርድ ተቀብለው አነበቡት። ከወለደች ጀምሮ ደም እየፈሰሳት ነበር፤ ወንድሟ ፊት ግን እንዴት ትናገር?

«ሞታለች» አሉኝ። «ወንድሟን ግን በደንብ አክመሽዋል።»

ማታ ወተት የምታመጣልንን ሴት፣ ሕመም በሶማሊኛ ምን እንደሚባል ጠየቅኳት። መልስ ከመስጠቷ በፊት ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

በማግስቱ ካርዱ ሌላ፣ ሰዎቹ እነዚያው ናቸው። ሆዳን ትኩሳት ይዟታል። ዮናስ፣ «ወባ ነው፣ እኔ አውቃታለሁ» እያለ ገባ።

«ዮናስ፣ እባክህ ውጣ።»

«እንዴ! ወንድሟ ነኝ እኮ! ማን ይናገርላታል?»

«ራሷ።»

በመስኮት ብቅ አለና፣ «ሲስተር አልማዝ፣ ከገዛ እህቴ ነጠለችኝ!» ብሎ ጮኸ።

አጠገቧ ተቀመጥኩና፣ «ወላል፣ ሐኑን ሐጌ?» አልኳት፤ «እህቴ፣ ሕመም የት?» እንደ ማለት ነው። የተሰባበረ ሶማሊኛ ነበር። ሆዳን ሳቋን ዋጠች፣ በሩን አየች፣ ከዚያ እጇን ጡቷ ላይ አሳረፈች። ካርዷ ላይ የተጻፈው መግል የቋጠረ ጡት ነበር። ሲስተር ሊገለብጡ ያነሱትን ካርድ መልሰው አስቀመጡት። ሆስፒታል ከሚወጡት ጋር ስሜ ገባ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ከዮናስ ጋር ተጋባን። ያ ወሬኛ ሰው ስለ እኔ ለማንም መልሶ አያውቅም። እናቱ እንኳ ደኅንነቴን ሲጠይቁት፣ «እማ፣ እሷው አለች፤ ጠይቂያት» ይል ነበር።

አሁን እንዲህ የሚል የለም። ስለዚህ ያልተጠየቅኩትን እዚህ ልመልስ። እንቅልፍስ እተኛለሁ። የሚከብደኝ ቀትር ነው፤ ከተማው ሱቁን ዘግቶ ጥላ ሲፈልግ፣ እሱ ለምሳ ይገባ የነበረበት ሰዓት። ያን ጊዜ ምሳዬን ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ እበላለሁ። ከተቀመጥኩ ገበታው ይሰፋብኛል።