አክስቴ ሳሎን የተሰቀለው ፎቶ

ፎቶው አሁን እኔ ቤት ነው። ፍሬሙ ጥቁር እንጨት ነው፤ ጀርባው ለዓመታት የጠጣው የአክስቴ ሳሎን የወጥ ሽታ እስካሁን አልለቀቀውም። ትናንት አቧራውን ስወለውል ያ ሽታ አፍንጫዬ ገባና ሌላ ሽታ ጠራብኝ፤ አዲስ የታጠበ ጥጥ፣ የደረቀ ሣር፣ በከሰል የሚጠበስ ዓሣ። መወልወያውን ይዤ ቁጭ አልኩ። ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገር ላንቺ ልንገርሽ።

ፎቶው ላይ ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ነጭ ላይ ሰማያዊ አበባ የታተመበት የጃፓን ልብስ ለብሳ፣ ትንሽ የአትክልት ቦታ ውስጥ፣ የወረቀት ፋኖስ አጠገብ ቆማ ትስቃለች። ታምራለች፤ እሱን አልክድም። ያነሳኋት እኔ ነኝ። ያነሳኋትም በቂም ነው።

ቂሙ የሚጀምረው ከአንድ ቀሚስ ነው። በአሥራ አምስት ዓመቴ ከደሴ ወደዚህ ሰው አገር ስመጣ የተቀበለችኝ አክስቴ ነበረች። ያኔ ካፒቶል ሂል የሚባል ሰፈር፣ አሮጌ ፎቅ ላይ ይኖሩ ነበር፤ እኔና ልጇ አንድ አልጋ ላይ ተኛን። የአክስቴ ልጅ በአንድ ዓመት ታንሰኛለች፤ እዚሁ የተወለደች ናት። ጫማዋ ሲጠባት ለእኔ ይደርሰኝ ነበር። ለዚህ አልተቀየምኩም። ሃይስኩል የመጨረሻው ዓመት ላይ ግን እናቴ ከደሴ ቀሚስ ላከችልኝ። ጥጡን ራሷ ነድፋ፣ ራሷ ፈትላ ለሸማኔ የሰጠችው ነበር፤ ጥለቱ አረንጓዴ ሆኖ ጫፉ ላይ ቀጭን ወርቃማ ክር ነበረው። ስልክ ላይ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ለብሰሽው ፎቶ ተነሺና ላኪልኝ። ቁመቱ ልክሽ መሆኑን ልየው።»

ለምረቃዬ ቀን ብዬ አጥፌ አስቀመጥኩት። በዚያው ሰሞን ወጣቱ ሁሉ ሌላ ሰው መስሎ ለብሶ የሚወጣበት የሃሎዊን ድግስ ነበር። ከሥራ ስመለስ የአክስቴ ልጅ መስታወት ፊት ትሽከረከራለች፤ የለበሰችው የእኔን ቀሚስ ነው፤ ከጉልበቷ በላይ ተቆርጧል። መቀሱ አልጋው ላይ፣ ጥለቱ ያለበት ቁራጭ ምንጣፉ ላይ ወድቋል። «ፕሪንሰስ ነኝ! ኪውት አይደል?» አለችኝ። ጮህኩ። አክስቴ ጩኸቴን ሰምታ መጣችና፣ «ልጅ ናት እኮ፤ ደግሞስ ጨርቅ አይደል? እናትሽ ሌላ ትልክልሻለች» አለች።

እናቴ ሌላ አልላከችም። በፋሲካ ሰሞን ታመመች፤ ምረቃዬን ሳታይ አረፈች። ፎቶውን ሦስት ጊዜ ጠይቃኝ ነበር። ሦስት ጊዜ «ነገ» አልኳት።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የአክስቴ ልጅ ወሩ ሳያልቅ ረሳችው። እኔ ቁራጩን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ሻንጣዬ ታች ከተትኩት፤ ቤተ ክርስቲያን ስሄድም ይዤው እንደምሄድ ያህል ነበር። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት። ይህን አውቅ ነበር፤ ቢሆንም ያዝኩት።

ያኔ የምሠራው ሃቫና ስትሪት ላይ፣ የአንዲት ጃፓናዊት አሮጊት ግሮሰሪ ውስጥ ነበር። ሩዝ እደረድራለሁ፣ ራዲሽ የሚሉትን ነጭ ሥር አጥባለሁ፣ ጥቂት ቃላትም ከእሳቸው ለቃቅሜያለሁ። መስኮቱ ላይ ኪሞኖ፣ የጃፓኖቹን ተደራቢ ልብስ፣ የለበሰች አሻንጉሊት ነበረቻቸው፤ ለጽዳት ባወለቅናት ቁጥር የማለብሳት እኔ ነኝ። አንድ ቀን የቀኙን ጎን ከላይ አድርጌ ደረብኩት። አሮጊቷ ከሒሳብ መክፈያው ጀርባ እየሮጡ መጥተው እጄን ያዙኝ። «ኖ፣ ኖ! ዴድ ፒፕል!» አሉኝ። ለሕያው ሰው ከላይ የሚሆነው የግራው ነው፤ የቀኙ ከላይ የሚደረበው ሬሳ ሲገነዝ ብቻ ነው። ደነገጥኩ፤ ግን ወዲያው ገባኝ። እኛስ ብንሆን ለሐዘን ነጠላ እናዘቀዝቅ የለ? ጨርቁ ያው ነው፤ አለባበሱ ነው የሚናገረው።

የአክስቴ ልጅ ኮሌጅ ስትጨርስ ስጦታዋ ጃፓን ሆነ። «አንቺ አብረሻት ካልሄድሽ አልልካትም፤ አፋቸውንም ትሞክሪያለሽ» አለችኝ አክስቴ። ሄድን። ነሐሴ ነበር፤ ሙቀቱ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊት ላይ ይለጠፋል፣ ዛፎቹ ላይ ያሉት ነፍሳት ጩኸታቸው አያባራም።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከጥግ ሱቅ ሦስት ማዕዘን የሩዝ ጥቅል ገዝተን፣ የባሕር ቅጠሉ ጥርሳችን ላይ እየተሰበረ፣ ባቡር ጣቢያ ቆመን እንበላለን። ፍልሰታን እጾም ስለነበር ከአኩሪ አተር የሚሠራውን ቶፉና ሾርባ ብቻ ነበር የምበላው። በአራተኛው ቀን ሾርባው የሚሠራው ከደረቀ ዓሣ መሆኑን ስሰማ ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። የአክስቴ ልጅ ከወንበሯ እስክትወድቅ ሳቀች። «አራት ቀን ሙሉ! ኦ ማይ ጋድ፣ ንስሐ አባትሽ ይሙቱልሽ!» እኔም ሳቅሁ። ያን ሳቅ ዛሬም እሰማዋለሁ። ገበያው ውስጥ ሻጮቹ አንዲት መሐረብ ስትገዢ እንኳ እንደ ሙሽራ ስጦታ በወረቀት ጠቅልለው፣ በሁለት እጃቸው፣ ጎንበስ ብለው ይሰጡሻል። በዚያ ሁሉ መካከል ሻንጣዬ ታች ያለውን ቁራጭ ሦስት ቀን ሙሉ አላሰብኩትም።

ከዚያ አሮጌ ኪሞኖ የሚሸጥበት ቤት ገባን። ካምፎር፣ የብል መከላከያው፣ ይሸታል። አንድ ጥቁር ሰማያዊ አነሳሁ፤ በእጅ የተፈተለ መሆኑን ጣቴ ነገረኝ፤ ክሩ እዚህ ወፈር፣ እዚያ ቀጠን ይላል፣ ልክ እንደ እናቴ ፈትል። ለትንሽ ጊዜ ፊቴ ላይ ያዝኩት። የአክስቴ ልጅ ከእጄ ወስዳ መስታወት ፊት ወገቧ ላይ ለካችው፤ መዳፏን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ «እዚህ ጋ ብንቆርጠው አሪፍ ሚኒ ይወጣዋል» አለች።

በክፋት አልነበረም። ረስታው ነው። እኔን ያቃጠለኝ መርሳቷ ነው።

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ያረፍነው ወለሉ የሣር ምንጣፍ የሆነ የእንግዳ ማረፊያ ነበር። ታጥቦ የተተኮሰ ዩካታ፣ ስስ የጥጥ ልብስ፣ ለእያንዳንዳችን ታጥፎ ተቀምጧል። እንግዳው ራሱ ነው የሚለብሰው። እኔ የግራዬን ከላይ ደርቤ መቀነቴን አሰርኩ። እሷ ካፖርቷን እንደምትቆልፈው አድርጋ የቀኙን ከላይ ደረበች። ከዚያ እጆቿን ዘርግታ ወደ እኔ ዞረች።

«እንደዚህ ነው?»

አየኋት። ከእግር እስከ ራሷ አየኋት። የተቆረጠው ቀሚስ፣ መቀሱ፣ «ነገ» ያልኩባቸው ሦስት ስልኮች፣ ሁሉም አብረው መጡ።

«ልክ ነው» አልኳት። «ደግሞ አምሮብሻል። ነይ፣ ፎቶ ላንሳሽ።»

ፋኖሱ አጠገብ አቆምኳት። እንድትስቅ ነገርኳት፤ ሳቀች። እራት ይዘው የመጡት የማረፊያው እመቤት፣ ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ የነጣ አሮጊት፣ ሲያዩዋት ትሪውን አስቀምጠው ወደ ደረቷ እጃቸውን ዘረጉ። እኔ በዚያች በተሰባበረች ጃፓንኛዬ «ግድ የለም፣ ይተዉት» አልኳቸው። እጃቸውን ሰበሰቡ። የእኔን አደራረብ አዩ፤ የእሷን አዩ፤ ከዚያ ዓይኔን አዩት። አፈርኩ እንዳልልሽ፣ አላፈርኩም። ዓሣው ከፊቴ ይጤሳል፣ እኔ ሩዜን በጨው በላሁ፤ እንደዚያ ቀን የጣፈጠኝ እራት የለም።

አክስቴ ያንን ፎቶ ከሁሉ መርጣ አሳጠበችው። አስፍታ፣ ፍሬም አስገብታ፣ ግሪን ቫሊ ራንች በሚባል ሰፈር በገዛችው አዲስ ቤት፣ ከሶፋው በላይ ሰቀለችው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየገናው፣ በየፋሲካው፣ መኪናዬን በራቸው ላይ ፓርክ አደርግና ገብቼ ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ። እንግዳ ሁሉ «ውይ፣ ስታምር!» ይላል። እኔም «በጣም» እላለሁ። አክስቴ ብቸኛ ልጇን እንደ ሬሳ የለበሰች አድርጋ በገዛ ግድግዳዋ ላይ ሰቅላ «እንጀራ ጨምሪ እንጂ» ትለኛለች። እጨምር ነበር። ጨርቅ አይደል? እል ነበር በሆዴ። አልዋሽሽም፤ በዓል በመጣ ቁጥር የምናፍቀው ዶሮውን ሳይሆን ፎቶውን ነበር።

አምና ክረምት አክስቴ ሞተች። መንገዱ ግራና ቀኝ በረዶ የተከመረበት ነበር፤ የለቀስተኛው መኪና እስከ ማዕዘኑ ተሰልፏል። ሳሎኑ ወንበር በወንበር ሆነ። የአክስቴ ልጅ ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን ጥለቱን ወደ ታች ለቃ፣ ልክ ለጥምቀት እንደምትወጣ አድርጋ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከመኝታ ቤት ወጣች። ማን ያስተምራት? የምታስተምራት እናቷ ናት የሞተችው። አጠገቤ የነበሩ አሮጊት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ምን ጉድ ነው፣ እናቷ ሞታ ለሠርግ ትለብሳለች እንዴ?» አሉ። ሌላዋም ከንፈራቸውን መጠጡ።

የሻይ ትሪ ይዤ ቆምኩ። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሰው ሁሉ ያያታል፣ ስሟ ይነሳል፣ እኔ ጣቴን አላነሳም። ያ የድሮው ደስታ ደረቴ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ፤ ሰው በሞተበት ቤት። እሷ ግን በሰው መሃል አልፋ ወደ እኔ መጣች። ዓይኗ አብጧል። እጆቿን ትንሽ ዘረጋች።

«እንደዚህ ነው?»

ትሪውን አስቀመጥኩ። ከፊቷ ያለው እኔ ነኝ፤ ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ ራሷ ትስቃለች።

«አይደለም» አልኳት።

እጇን ይዤ ኮሪደሩ ጥግ ወሰድኳት። ነጠላውን ከትከሻዋ አውርጄ አዘቀዘቅኩት፤ ጥለቱን ወደ አንገቷ አመጣሁት። እሷ አገጯን ቀና አድርጋ እንደ ሕፃን ቆመችልኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣

«ጃፓን ግን ልክ ነው ብለሽኝ ነበር» አለችኝ።

እጄ አንገቷ ላይ ቀረ።

«ታውቂ ነበር?»

«በማግሥቱ ጠዋት፣ አንቺ ሻወር ስትወስጂ፣ የማረፊያው አሮጊት መጥተው አስተካከሉልኝ። ከዚያ ጉግል አደረግኩት።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ዓመት ለምን አላወረድሽውም?»

«ማሚ ወደደችው» አለች። «ደግሞ፣ ለቆረጥኩት ቀሚስ ካሳ ይሁን ብዬ። የአንቺ እናት የቀሚሱን ፎቶ አላየችውም» አለችኝ።

ምን እንደተሰማኝ ታውቂያለሽ? በመጀመሪያ ንዴት። አሥራ ሁለት ዓመት በድብቅ የበላሁትን እሷ ነበረች እያወቀች የምታቀርብልኝ። ረሳች ያልኳት፣ ያልረሳችው እሷ ሆነች። ከዚያ አቀፍኳት፤ ለቀስተኛው ለአክስቴ ያለቀስኩ መሰለው።

ከአርባው በኋላ ፍሬሙን በፎጣ ጠቅልላ አመጣችልኝ። «ያንቺ ነው» ብላ በሩ ላይ ሰጥታኝ ሄደች። ሳሎኔ ውስጥ፣ ከመስኮቱ ጎን፣ አንድ ባዶ ቦታ አለ፤ እናቴ የጠየቀችኝ ፎቶ ቢኖር ኖሮ የምሰቅልበት ነው። የአክስቴ ልጅ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ ትደውልልኛለች።

«ሰቀልሽው?»

«ሚስማር አላገኘሁም» እላታለሁ። መሳቢያው ሚስማር ሞልቶታል። «ኦኬ፣ ሳምንት እደውላለሁ» ትለኛለች፤ ትደውላለችም።