ሕፃናቱ የጠሩት ስም

ማራናታ ልጅ ትይዛለች። አሜሪካ፣ ላንድማርክ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከቫን ዶርን መንገድ ገባ ብለው ከቆሙት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ አራተኛው ፎቅ ላይ ትኖራለች። ጠዋት ጠዋት እናቶች ልጆቻቸውን በሯ ላይ አስረክበው ወደየሥራቸው ይሮጣሉ። ስሟን ያወጡላት አባቷ ናቸው፤ ናዝሬት በጸሎት ቤት ወንበር ሲደረድሩና ሲያነሡ የኖሩ ሰው። እሷም እዚያው አሌክሳንድርያ ባለው የአማርኛ ቸርች የልጆች ክፍል ታስተምራለች። ድምፅዋ በጣም ዝቅ ያለ ስለሆነ ልጆች እሷን ለመስማት ሲሉ ራሳቸው ዝም ይላሉ።

መጽሐፍ መጻፍ የጀመረችው በውሸት ነው። ከላይብረሪ ያመጣቻቸውን መጻሕፍት ለልጆቹ ስታነብ የተጻፈውን ትለውጠው ነበር። ድቡ ማር ሲበላ እሷ ጭኮ ታጎርሰዋለች። ጥንቸሏ ባቡር ተሳፍራ አክስቷ ዘንድ ስትሄድ፣ በማራናታ ንባብ ዱከም ትወርዳለች። ልጆቹ ብዙ ጊዜ አመኗት። አንድ ቀን ግን ፊልሞን የሚባል፣ ማንበብ ገና የጀመረ ልጅ ጣቱን ገጹ ላይ አሳረፈ።

«ማሬ፣ እንደዚያ አይልም» አላት በእንግሊዝኛ።

«ታዲያ ምን ይላል?»

አነበበላት። ሌሎቹ ልጆች ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ወዲያ መዋሸት አልቻለችም። እንደነሱ የሚበሉ፣ እንደነሱ የሚጠሩ ልጆች ያሉበትን መጽሐፍ በየላይብረሪው ፈለገች፤ ያገኘችው ጥቂት ነበር፣ ልጆቹም ቶሎ ጨረሱት። ስለዚህ ራሷ በእንግሊዝኛ ጻፈች።

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በራሷ ገንዘብ አሳትማ ቸርች በር ላይ ሸጠቻቸው። ሦስተኛውን የወሰደችላት ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች አንዲት አሳታሚ ናት። ጥቁር አሜሪካዊት፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ በልጅነቷ ካነበበቻቸው መጻሕፍት ሁሉ በአንዱ እንኳ የእሷ ዓይነት ፀጉር ያላት ልጅ አላየችም። አሁን ከሳልቫዶር፣ ከሴራሊዮን፣ ከቬትናም የመጡ ሰዎች የጻፉትን የልጆች መጽሐፍ ታሳትማለች። በየወሩ ቢሮዋ ይሰበሰባሉ፣ ረቂቃቸውን እርስ በርስ ያነባሉ፣ ይከራከራሉ፣ አንዳንዴም ያለቅሳሉ። ማራናታ እዚያ ስትሄድ ጥግ ትይዝ ነበር።

ሦስተኛው መጽሐፍ የመጣው ከሶሊ ነው።

ሶሊ ስድስተኛው ፎቅ ላይ ከእናቷ ከብሥራትና ከአያቷ ከእማማ ሸዋረገድ ጋር ትኖራለች። ብሥራት አረጋውያን በሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ትሠራለች፤ እማማ ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ልጅቷን ቀን ቀን የምትይዘው ማራናታ ነበረች። አንድ ቀን፣ ልጆቹ ሁሉ ምንጣፉ ላይ ተኝተው ሳለ፣ ሶሊ ተንከባልላ መጥታ ማራናታ ጆሮ ሥር ተጠጋች።

«ማሬ፣ ሌላ ስም አለኝ። ሲክሬት ነው።»

«ሲክሬት ከሆነ አትንገሪኛ።»

«አንቺ ማሬ ነሽ እኮ» አለቻትና ነገረቻት።

ስሙን እኔም እዚህ አልጽፈውም። የግዕዝ ነው፣ ሁለት ቃል፤ ሲጠሩት ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ዝቅ ዝቅ እያለ ያርፋል። የሶሊ የክርስትና ስሟ ነበር። በእነሱ ቤት የክርስትና ስም ከቤተ ክርስቲያን ውጭ አይነሣም፤ ክፉ የሚሠራ ሰው የሚሠራው በዚያ ስም ነውና። ማራናታ ግን የክርስትና ስም የላትም። የእሷ ስም አንድ ነው፣ ማንም የሚያውቀው። ዕቃ ስታጥብ፣ ጋሪ ስትገፋ፣ ያንን ስም በልቧ ስታመላልሰው ሰነበተች።

ረቂቁን የጻፈችው በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። የተደበቀ ስም ስላላት ልጅ ነበር። በመጨረሻው ገጽ አያትየው ስሙን በልጅቷ ጆሮ ይሉታል፤ ገጹ ላይ ግን ምንም አይጻፍም፤ ባዶ ነው።

አሳታሚዋ ረቂቁን ወደደችው። ባዶውን ገጽ ግን አልወደደችውም።

«ልጅቷ ለምን ትደብቀዋለች?» አለች። «ልጆቻችን መደበቅ ሰልችቷቸዋል። ክፍሏ ፊት ትቁምና ስሟን ትናገር። ከዚያ የክፍሉ ልጆች ሁሉ አብረው ይጥሩት፤ የሚያነቡትም ልጆች እንደዚሁ እያጨበጨቡ ይጥሩት።»

ጠረጴዛውን የከበቡት ጸሐፊዎች አጨበጨቡ። ስማቸው በየትምህርት ቤቱ ሲሰበር የኖሩ ሰዎች ነበሩ፤ ከልባቸው ነበር ያጨበጨቡት። ማራናታም ለመጀመሪያ ጊዜ ከጥጓ ወጥታ መካከል ተቀመጠች።

ሌላ ስም ልታስገባ ሞክራ ነበር። ብዙ ስም ሞከረች። አንዱ ያጥራል፣ አንዱ ይሰበራል፣ አንዱ ለጭብጨባው አይመችም። ዓረፍተ ነገሩ ሌላ ስም አልቀበል አለ። በመጨረሻ፣ መተት የሚባለው ነገር በክርስቶስ ደም የተሻረ ነው፣ አለች ለራሷ። የመጽሐፏን ልጅ መነጽር አደረገችላት፣ ወንድም ጨመረችላት፣ ቤታቸውን ሮክቪል ወሰደችው። ስሙን ብቻ ተወችው። ማን ያውቃል፣ አለች።

መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ከገባ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ከሕንፃው ሥር ወዳለው መጫወቻ ይዛ ወረደች። እማማ ሸዋረገድ አግዳሚው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

«አንቺ ጴንጤ፣ ነይ ቁጭ በይ እስቲ።»

«ጉልበትዎ እንዴት ነው እማማ? ልጸልይልዎ?»

«ተይኝ፣ ጉልበቴ ኦርቶዶክስ ነው፤ አይሰማሽም።»

ሁለቱም ሳቁ። ሶሊ ከሸርተቴው አናት ላይ ነበረች፤ ልጆቹ ሶሊ፣ ሶሊ፣ ውረጂ እያሉ ይጮሁባታል። እማማ ልጅቷን ትክ ብለው አዩዋት።

«ከብሥራት በፊት ሌላ ነበረችኝ» አሉ። «ይችኑ ነው የምትመስል። አንድ ጎረቤት ነበረን፣ ዓይኑን የማልወደው። አንድ ቀን በአጥር ላይ ሆኖ በክርስትና ስሟ ጠራት። ከማን እንደሰማው እስከዛሬ አላወቅሁም። ያንን ክረምት በሕይወት አልወጣችውም።»

ማራናታ ወደ ሸርተቴው ዞረች።

«አሜሪካ መጥቼ የተመቸኝ ነገር ቢኖር ይኸው ነው» አሉ እማማ፣ ምርኩዛቸውን እያስተካከሉ። «እዚህ የዚችን ስም የሚያውቅ የለም። እንቅልፍ የምተኛው በዚያ ነው።»

ያን ዕለት ማራናታ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘግታ ለአሳታሚዋ ደወለች። ስሙን መለወጥ እንደምትፈልግ ነገረቻት።

«ስህተት አለው? አጻጻፉ ነው?»

«አይደለም። የሰው ስም ነው።»

«ሃኒ፣ ስም ሁሉ የሰው ነው» አለች አሳታሚዋ በፍቅር። «መጽሐፉ ታትሞ አልቋል፤ መርከብ ላይ ነው። ለአስተማሪዎች የሚሆነውማ ቀድሞ ደርሷል። አትፍሪ፣ ጸሐፊ ሁሉ በዚህ ሰዓት ይፈራል።»

ለብሥራት ልትነግራት በኤሌቬተር ስድስተኛ ፎቅ ወጣች። ብሥራት የሥራ ልብሷን እንደለበሰች በሩን ከፈተች፤ ድካም ፊቷ ላይ ነበር። «አንቺ ባትኖሪ እኔ ምን ይውጠኝ ነበር» አለቻትና ለእራት የሚሆን ቋጥራ ሰጠቻት። ማራናታ ምግቡን ይዛ ወረደች።

የመጽሐፉን ምረቃ ለማንም አልተናገረችም። ግን ብሥራት የምረቃውን ማስታወቂያ፣ ፍላየሩን፣ ስልኳ ላይ አየችው።

«ደራሲ ስትሆኚ እኛን ደበቅሽን?»

«ሲልቨር ስፕሪንግ ሩቅ ነው ብዬ ነው።»

«መካከላችን ያለው ቤልትዌይ መንገድ ነው እንጂ ባሕር አይደለም። እማዬንም ይዤ እመጣለሁ፤ ሶሊ ደግሞ ቀሚሷን መርጣለች።»

ቅዳሜ ዕለት የላይብረሪው አዳራሽ ሞላ። ከፊት ምንጣፉ ላይ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ከአስተማሪያቸው ጋር ተቀምጠዋል። እማማ ሸዋረገድ ለጉልበታቸው እንዲመች ዳር ያለው ወንበር ተሰጣቸው። ብሥራት ስልኳን ከፍ አድርጋ ትቀርጻለች። ሶሊ ከልጆቹ መካከል ገብታ ተቀመጠች፤ ማራናታን እያየች ትስቅ ነበር።

ማራናታ ማንበብ ጀመረች። አንድ ሐሳብ ነበራት፤ ያንን ገጽ ከቀጣዩ ጋር አጣብቃ ልትዘለው። ልጅቷ ከመቀመጫዋ ተነሣች የሚለው ላይ ስትደርስ ሁለቱን ወረቀት በአንድነት ገለጠች።

«ዘለልሽ» አለ አንድ ልጅ ከምንጣፉ ላይ።

«ስሟን አላልሽም» አለች ሌላዋ።

አስተማሪያቸው ፈገግ አለች። መጽሐፉ ቀድሞ ደርሷት ሳምንቱን ሙሉ ስታነብላቸው ሰንብታለች። ደራሲዋ ሆን ብላ ለልጆቹ የተወችላቸው መሰላት። እጇን ከፍ አድርጋ እስከ ሦስት ቆጠረች።

ልጆቹ ያንን ስም እያጨበጨቡ ጠሩት። ሁለቱን ቃላት በየቁራጩ እየሰባበሩ፣ ግን አንድም ሳይስቱ ጠሩት። እማማ ሸዋረገድ እንግሊዝኛ አይሰሙም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የተነበበው ሁሉ በጆሯቸው አልፎ ሄዷል። ከዚያ ሁሉ ንግግር መካከል የገባቸው ያ ብቻ ነበር።

ሶሊ ብድግ አለች።

«አቤት» አለች።

ልጆቹ ሳቁ፤ ጨዋታው የጣማቸው ልጆች እንደሚያደርጉት ደግመው ጠሩት፣ ይበልጥ ጮኸው። እማማ ምርኩዛቸውን ጥለው በልጆቹ መካከል አለፉ። የሶሊን አፍ በመዳፋቸው ከደኑና እንደዚያው ይዘዋት ወጡ። ከኋላ የተቀመጡት ሰዎች ልጅቷ ያስቸገረች መስሏቸው መንገድ ለቀቁላቸው።

ብሥራት መጨረሻ ላይ ጠረጴዛው ጋ መጣች። ሊፈረምበት የገዛችው መጽሐፍ እጇ ላይ ነበር።

«ማን ነገረሽ?»

ማራናታ ልጅቷን ማጋለጥ አልቻለችም። «እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ» አለች።

«እሱን አልጠየቅሁሽም» አለች ብሥራት። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፍታው ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ሶሊ አራተኛ ፎቅ አልመጣችም፤ ብሥራት ትምህርት ቤት አስገባቻት። መጽሐፉ ግን ሄደ። ከግሪንቤልት፣ ከሮክቪል፣ ማራናታ በካርታ ላይ እንኳ ፈልጋ ከማታገኛቸው ከተሞች አስተማሪዎች ቪዲዮ ይልኩ ጀመር፤ በሁሉም ላይ ልጆች ተሰብስበው እያጨበጨቡ ያንን ስም ይጠራሉ። አሳታሚዋ እየተደሰተች ታስተላልፍላታለች። ማራናታ እንዲቆም ለመነች። አሳታሚዋ በዚህ ጊዜ ዝም ብላ አዳመጠቻት፣ ነገሩም ገባት፣ አዘነችም። ለቀጣዩ ኅትመት ስሙ እንደሚወጣ ቃል ገባችላት። የወጣውን ግን ከየልጁ አፍ መሰብሰብ የሚችል አልነበረም።

ማራናታ ይቅርታ ልትጠይቅ ወጣች። እማማ በሩን በሰንሰለቱ ልክ ብቻ ከፈቱት።

«ቂም የለኝም ልጄ» አሉ። ጴንጤ አላሏትም። «አንቺ ቤት ይኸ የለም፤ ምን ታውቂያለሽ።»

«ሌላ ስም ቢወጣላትስ እማማ?»

«ክርስትና ሁለት ጊዜ አይነሡም» አሉና በሩን በቀስታ ዘጉት።

በጥቅምት ብሥራትን ኤሌቬተር ውስጥ አገኘቻት። ሁለቱም ወደ ታች ይወርዱ ነበር።

«ትምህርት ቤት ጠርተውኝ ነበር» አለች ብሥራት፣ ቁጥሮቹን እያየች። «ሲጠሯት አትመልስም ነው የሚሉኝ። ጆሮዋን አስመረመርኳት።»

«ምን አሉ?»

«ጆሮዋ ደህና ነው። ቤትም እንደዚያው ናት። እኔ እናቷ ስጠራት እንኳ፣ ልመልስ ወይ እንደማለት መጀመሪያ እማዬን ነው የምታየው።» በሩ ሲከፈት ሳትሰናበታት ወጣች።

ከዚያ ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ልጆቹን አራግፎ ሲሄድ፣ ማራናታ ከሱቅ ተመልሳ ፓርኪንጉን ታቋርጥ ነበር። ሶሊን ከሩቅ አየቻት። ቦርሳዋን አዝላ በቆሙት መኪኖች መካከል አንገቷን ደፍታ ትሄዳለች። እማማ ሸዋረገድ ከኋላ ናቸው፤ በጉልበታቸው እያነከሱ ርቀው ቀርተዋል። በዚያው መስመር ላይ አንድ ዕቃ የሚያደርስ ትልቅ ቫን ጢጥ ጢጥ እያለ ወደ ኋላ መምጣት ጀመረ።

«ሶሊ» አለች ማራናታ።

ልጅቷ አልዞረችም።

«ሶሊ፣ ቁሚ።»

አልቆመችም። ማራናታ የያዘችውን ዕቃ ጣለች። በሕይወቷ እንደዚያ ጮኻ አታውቅም፤ ሦስተኛ ጊዜ ስትጠራት ድምፅዋ ከሕንፃው ተላትሞ ተመለሰ። ልጅቷ እርምጃዋን እንኳ አልለወጠችም። ያኛው ስም ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። አፏን ከፈተች፣ መልሳም ዘጋችው፤ ሮጠች። ቫኑ ተንገጫግጮ ቆመ። የሶሊ ቦርሳ ከኋላ መብራቱ የሚርቀው አንድ ክንድ አይሞላም ነበር።

ማራናታ ልጅቷን ወደ ጠርዙ ስባ ፊቷ ተንበረከከች።

«አልሰማሽኝም?»

«ሰምቼሻለሁ» አለች ሶሊ በእንግሊዝኛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«መኪናውንስ?»

«እሱንም ሰምቼዋለሁ።»

«እና ለምን አልቆምሽም?»

ሶሊ አንገቷን አዞረች። ወደ ኋላዋ ታይ ነበር። እማማ ሸዋረገድ በመኪኖቹ መካከል ብቅ አሉ። ቫኑ ከእሳቸው ወገን አይታይም፤ ያዩት ማራናታ ስትጠራና ልጅቷ ሳትዞር ስትሄድ ብቻ ነው። ደርሰው የልጅቷን እጅ ከማራናታ እጅ ላይ ወሰዱት።

«ጎበዝ፣ የኔ ልጅ» አሏት።