የእህቴ ቀይ መኪና በአሮጌው ኮምፒውተር

አባቴ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ውስጥ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሑፍ የሚሠራበት ትንሽ ሱቅ ነበረችው። ሱቋን ሲዘጋ ዕቃውን ሸጦ አንድ ኮምፒውተር ብቻ ወደ ቤት አመጣ። "ለትምህርታችሁ ይሆናችኋል" አለን። እኔና ታላቅ እህቴ ግን ውስጡ የመኪና ውድድር ጨዋታ አገኘንበት። ስክሪኑ ለሁለት ይከፈልና እሷ በኪቦርዱ ግራ በኩል ባሉት ፊደሎች ቀይዋን መኪና ትነዳለች፤ እኔ በቀስቶቹ ሰማያዊዋን። የምንቀመጠው አንድ ወንበር ላይ ስለነበር መታጠፊያ ላይ ስንደርስ በክርኗ ትገፋኝ ነበር።

አሁን እኔ ደሴ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ እሷ ኮምቦልቻ አግብታ በነርስነት ትሠራለች። ኮምፒውተሩ እኔ ዘንድ ቀረና የፈተና ጥያቄ መጻፊያ ሆነ። ተማሪዎቼ ስለ አዳዲስ ጨዋታዎች ሲያወሩ ስሰማ ግን ልቤ ከጀለ። ባለፈው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ አንዱን አስጫንኩ። ገና ስከፍተው ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ።

ለእህቴ ደውዬ ነገርኳት። "እኛ ሰፈር ጎበዝ ጠጋኝ አለ፤ ይዘኸው ና" አለችኝ። በጋቢ ጠቅልዬ፣ ሚኒባስ ውስጥ እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ቁልቁለቱን ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ።

ጠጋኙ ረጋ ያለ ጎልማሳ ነው። ክዳኑን ከፍቶ ብዙ ካየ በኋላ "አዲሱ ጨዋታ እንዲሠራልህ የግራፊክስ ካርድ ያስፈልገዋል" አለኝና ዋጋውን ነገረኝ። ደመወዜ አይደርስበትም።

"ካርዱን ብትገዛ ደግሞ ይሄ ፓወር ሰፕላይ አይችለውም" ሲል ቀጠለ። "እሱን ብንቀይር ማዘርቦርዱ አሮጌ ነው፣ አይቀበለውም።"

"ታዲያ ምኑ ይቀራል?"

"ቀፎው።"

አጠገቤ የቆመችው እህቴ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። "ወላሂ፣ ይሄማ ለአንድ ቁልፍ ብሎ ኮት ማሰፋት ነው!" አለች። እኔ ግን እንደ ልጅ ከፋኝ። ፊቴን አይታ "አብሽር" አለችኝ።

ጠጋኙ አቧራውን አራገፈ፣ ማቀዝቀዣውን አጸዳ፣ ከተበላሸ ኮምፒውተር ያወጣውን ሚሞሪ በርካሽ ጨመረልኝና አበራው። ወዲያው ተነሣ። እህቴ ጎንበስ ብላ ስክሪኑን አየች።

"ውድድሩ አሁንም አለ እንዴ?"

ቦርሳዋን አስቀምጣ ቁጭ አለች። የረሳችው መስሎኝ ነበር፤ ጣቶቿ ግን ሳታያቸው ፊደሎቹ ላይ አረፉ። ገና መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ክርኗ ጎኔን አገኘው። ሬዲዮ ሊያሠሩ የመጡ አንድ አዛውንት ከኋላችን ቆመው፣ "የቀይዋ ሾፌር ማን ነው?" ብለው ጠየቁ።

"እኔ ነኝ፣ አባ!"

"እንግዲያስ አትልቀቂው!"

አልለቀቀችኝም። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሲስቅ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ካርዱም ዋጋውም ከሐሳቤ ወጣ።

ጨዋታው ሲያልቅ እህቴ "ኮምፒውተሩ እኔ ቤት ይቀመጥ" ብላ ሙጭጭ አለች። ያስታረቀን ጠጋኙ ነው። "ይሄ ዕድሜው ገፍቷል፤ የኮምቦልቻን ሙቀት አይችለውም፣ የደሴ ብርድ ይሻለዋል" አለ።

ስለዚህ መልሼ ወደ ደሴ አመጣሁት። እሷም እረፍት ስታገኝ አባቴን ልትጠይቅ ነው እየተባለ ወደ እኔ ትወጣለች። አንዳንዴ ባሏም አብሯት ይመጣል። እሱ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ተሳቢ እየጎተተ ጅቡቲ ደርሶ ይመለሳል። ኪቦርዱ ፊት ስናስቀምጠው ግን አንዲት መታጠፊያ ማለፍ ያቅተዋል፤ መኪናውን ገደል ከትቶ ወደ እኛ ይዞራል።

"ምን ላድርግ፣ መሪ የለውም እኮ!"