ቅቤ የጠጣ ፀጉር

ጋሽ ዳምጤ ቢቸና ውስጥ የአንድ የገበሬዎች ማኅበር የዘር መጋዘን ጠባቂ ናቸው። ድሮ ጆንያ ውስጥ እጃቸውን ሰደድ አድርገው “ይኼ በቆሎ ገና ላብ አለው” ካሉ፣ አለው ማለት ነበር። ያንን እጃቸውን ያስረሳቸው ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የአየር እርጥበት መለኪያ መሣሪያ ነው። ጎረቤታቸው ነኝና እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሥልጠና የወሰዱት ሞጣ ነው። አሠልጣኟ ሰብለ ወንጌል ነገሩን ከጥንት ጀመረችላቸው። መጀመሪያ ሰዎች ጥጥ ሚዛን ላይ አንጠልጥለው፣ ጥጡ ሲከብድ አየሩ ረጠበ ይሉ ነበር። ኋላ ከሁለት ቴርሞሜትሮች አንዱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ከደረቁ ጋር ማስተያየት መጣ፤ አየሩ በደረቀ መጠን የጨርቁ ውሃ ቶሎ ይተናል፣ የተጠቀለለውም ይበልጥ ይቀዘቅዛል። አሁን በባትሪ የሚሠራም አለ። ለጋሽ ዳምጤ የደረሳቸው ግን ባለ ፀጉሩ ነው። የሰው ፀጉር እርጥበት ሲያገኝ ይረዝማል፣ ሲደርቅ ያጥራል፤ የእርጥበቱን መጠን በቁጥር የምታሳየውን መርፌ የሚያንቀሳቅሳት እሱ ነው። መርፌዋ ሰባን ካለፈች ዘሩ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል።

ኅዳር ላይ ፀጉሩ ተበጠሰ። ሰብለ ወንጌል በስልክ “ረጅም ፀጉር ይፈልጉ፤ ቀለም ያልነካው፣ ካስክ ያላቃጠለው” አለቻቸው። ጋሽ ዳምጤ ደስ አላቸው። የባለቤታቸው የእትዬ አምሳለች ፀጉር የፀጉር ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ በቅቤ ያደገ ነው። ከማበጠሪያቸው ላይ ለቅመው ሰቀሉት። መርፌዋ አርባ ላይ ቆመች፤ የኅዳር ፀሐይ ነውና ልክ ነው ብለው ተቀመጡ።

ጥር ላይ ያለ ወቅቱ ዝናብ ወረደ፤ መርፌዋ አርባ ላይ ናት። የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ረግቦ ድምፁ ታፈነ፣ እኛ ቤት ጨው ውሃ አወጣ፤ አሁንም አርባ። “ጋሽ ዳምጤ፣ እስቲ ጆንያውን ከፈት አድርገው ይዩት” ብላቸው፣ “አንተ ከመሣሪያ ትበልጣለህ?” ብለው ሳቁብኝ። በመጋዘኑ በር ባለፍኩ ቁጥር የሚሸተኝ ሞቅ ያለ፣ የታፈነ ሽታ ግን ያስፈራኝ ጀመር። የአካባቢው ገበሬ የሚዘራው በቆሎ ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ግንቦት ላይ ዘሩ በሚታደልበት ቀን ጠዋት እትዬ አምሳለች ቁርስ ይዘው መጡ፤ እኔም ለማገዝ እዚያው ነበርኩ። ወደ መሣሪያው ጠጋ ብለው ተመለከቱ።

“ውይ! ይኼ የኔ ፀጉር አይደለም እንዴ? ቅቤው እኮ እንዳለ ነው። አላጠብከውም?”

ጋሽ ዳምጤ ቅቤ የጠጣ ፀጉር እርጥበት እንደማይጠጣ ያን ጊዜ ገባቸው መሰለኝ፣ ፊታቸው አመድ ሆነ። ፀጉሩን አውርደው በሳሙና አጠቡት፤ ፀሐይ ላይ አድርቀው መልሰው ሰቀሉት።

ሦስታችንም ቆመን እናያለን። መርፌዋ መውጣት ጀመረች። ሰባን አለፈች፣ ሰማንያን አለፈች፣ ዘጠና ጋ ስትደርስ እትዬ አምሳለች አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ጋሽ ዳምጤ ጆንያ ፈተው እጃቸውን እንደ ድሮው ሰደድ አደረጉ። ሲያወጡት ጣቶቻቸው ላይ አረንጓዴ ሻጋታ ተለጥፏል። ሌላ ፈቱ፤ ያው ነው።

ደጅ ላይ አህዮቻቸውን ይዘው የመጡት ገበሬዎች በሩን እያንኳኩ ነበር።

“ጋሽ ዳምጤ! ክፈቱልን እንጂ፤ ሰማዩ ጠቁሯል፣ ሳይዘንብ ቤታችን እንግባ!”