በበቅሎ ፋንታ የቀረበችው ዶቅዶቄ

ታላቅ ወንድሜ ተገኘ የባና ነጋዴ ነበር። በዘመሮ ገበያ የበግ ጠጉር ባና ሰብስቦ ደብረ ብርሃን ወስዶ ይሸጣል። የመጀመሪያዋን ሞተር ብስክሌት፣ እኛ ዶቅዶቄ የምንላትን፣ ከዚያ ይዟት የመጣው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው።

በዚያችው ቢረጋ ማንም ባልተገረመ። እሱ ግን መሪዋን ከፍ አስደረገ፤ ደስ ሳይለው ቀረና መልሶ ዝቅ አስደረገ። መቀመጫዋን ጥቁር አጎዛ አለበሳት፤ ወዲያው በነጭ ለወጠው። አሁንስ ተሠርታ አለቀች ስንል ሸጧት ሌላ አመጣ። ሦስተኛዋ ቀይ ነበረች። ይቺን አልነካትም ብሎን በሳምንቱ መብራቷን ሲፈታ አገኘነው።

በዚህ መካከል ልጁ የትምወርቅ ለመሪጌታ ወልደ ጻድቅ ልጅ ታጨች። የመሪጌታ ቤት በራቤል በኩል ግማሽ ቀን ያስኬዳል። በእኛ አገር ለጎጆ መውጫ ሁለቱም ወገን እኩል ይሰጣል። ከእኛ በኩል የወንድሜ ግራጫ በቅሎ በሽማግሌ ፊት ተሰጠች ተባለ። በሠርጉ ቀን እሷ ካልቀረበች ሙሽራዋ ከቤት አትወጣም።

ሠርጉ ሲቃረብ በቅሎዋ ከግቢ ጠፋች። ሚስቱ ጌታነሽ ብትጠይቀው፣ ለሠርጉ እንድትወፍር ዘመድ ዘንድ ሰድጃታለሁ አላት። አመነችው፤ እኔም አመንኩት።

በሠርጉ ቀን ተበልቶ ሲያበቃ ሽማግሎቹ በቅሎዋ ትቅረብ አሉ። ተገኘ ከጎተራው ኋላ ሄደና አዲስ ጥቁር ዶቅዶቄ እየገፋ መጣ። የበቅሎዋን ባለ ጥልፍ ግላስ ለብሳለች፤ ቃጭሏም ከመሪው ላይ ተንጠልጥሎ ይንሿሿል። እኔ ጠላ እየቀዳሁ ነበር፤ ዋንጫው ሞልቶ በእጄ ላይ ሲፈስ እንኳ አልታወቀኝም። በቅሎዋን ጣሂር ለሚባል ነጋዴ ሰጥቶ ነው ለካ የለወጣት!

“በበቅሎዋ ፋንታ ይቺን ሰጥቻለሁ” አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

በኋላ እንደነገረኝ፣ አማቾቹ እንዲህ ያለ ነገር አንቀበልም ብለው ዶቅዶቄዋን ይመልሱለትና እስከ ፋሲካ ሌላ በቅሎ እንዲተካ ጊዜ የሚሰጡት መስሎት ነበር።

አንደኛው ሽማግሌ ቀረብ ብለው አዩዋት። “ለመሆኑ ትወልዳለች?” አሉ።

“በቅሎስ መቼ ወልዳ ታውቃለች?” አሏቸው ከጎናቸው ያሉት። ዳሱ በሳቅ ተሞላ።

መሪጌታ ግን አልሳቁም። ዶቅዶቄዋን ዞሩዋት፤ ግላሱን ገለጥ አድርገው አዩና መልሰው አስተካከሉት።

“ተቀብለናል” አሉ።

የወንድሜ ፊት አመድ መሰለ። እጁን ከመሪው ላይ አላነሳም። መሪጌታም ይህን አይተው፣ “አቶ ተገኘ፣ ከልብዎ ነው የሰጡን?” ብለው ጠየቁት።

አይደለም ቢል ልጅቱ እንደተሸፈነች እዚያው ልትቀር ነው። ጌታነሽ ዓይኗን ከፊቱ ላይ አልነቀለችም።

“ከልቤ ነው” አለ በቀጭን ድምፅ።

ሞተሯ ከተነሳች ሙሽራዋን ልትወስድ ከመሪጌታ ቤት የመጣችው በቅሎ ትደነብራለች ተባለና በእጅ ተገፍታ እንድትሄድ ተወሰነ። ሚዜዎቹ ገና ከበር ሳይወጡ ጣሏት። ተገኘ ሮጦ አነሳትና መሪውን ያዘ። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሸኝቶ ይመለሳል ስንል አለፈ። ከወንዙ ይመለሳል ስንል ተሻገረ። የሙሽራ አባት በሠርጓ ዕለት ልጁን ተከትሎ አማቾቹ ቤት ሲሄድ በአገራችን ታይቶም ተሰምቶም አያውቅም። ጌታነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ገባች።

አገሩ ሁሉ ልጁን ሳይሆን ዶቅዶቄዋን ተከትሎ ሄደ አለ። እኔም ያው መስሎኝ ነበር። የትምወርቅ ለመልስ ስትመጣ ለብቻዋ አግኝቼ ጠየቅኋት።

“አክስቴ፣ መጀመሪያ እሷን ብሎ ነበር የመጣው” አለችኝ። “ዳገቱ ላይ ግን እኔ ማልቀስ ስጀምር ሰማኝ። ሞተሯን ለሚዜዎቹ ለቀቀላቸውና የኔን በቅሎ ይስብ ጀመር። ከኋላችን ሁለት ጊዜ ስትወድቅ ሰማን፤ ዞሮም አላየ።”