ሦስት ላይ የቆመው ጣሊያን

ይህ የሆነው በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ እዚህ ሚኔሶታ፣ ኒው ሆፕ በምንኖርበት ጊዜ ነው። ዛሬም ባንክም ሆነ ክሊኒክ ገብቼ «ላስት ኔም?» በተባልኩ ቁጥር ያ ዊንተር ትዝ ይለኛል። ለልጆቼ ብዙ ጊዜ አውርቼላቸዋለሁ። እነሱ በእንግሊዝኛ «እናውቃለን፣ ማሚ» ብለው ያልፉኛል፤ ስለዚህ ለእናንተ ልጻፈው።

እናቴን በትግርኛ «አደይ» ነው የምላት። ስሟ ለተማርያም አንቶንዮ ነው። አባቷ ጣሊያን ነበር። ይህ አስመራ ውስጥ ብርቅ ነገር አይደለም፤ የአደይ ነገር ግን ትንሽ ይለያል። እሷ የተሸከመችው ስም ውሸት ነው ብላ አምና ነው ያረጀችው።

አያቴ ከአንድ ጣሊያን የካሚዮን ሾፌር ጋር አምስት ዓመት አብራ ኖረች፤ አደይንም ወለደችለት። ጦርነቱ ሲመጣ ሰውየው ወታደር ሆኖ ተጠራና ከጓደኞቹ ጋር ካሚዮን ላይ ወጥቶ ሄደ። አደይ ያኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። መኪናው ሲነሳ ዞር ብሎ እንዳላያት ታስታውሳለች። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ የለ፣ ወሬ የለ።

እንግሊዝ ከገባ በኋላ የአያቴ ወንድም እዚያው አስመራ ጣሊያኖች ዘንድ ሄዶ አጠያየቀ። ዝርዝራቸውን አገላብጠው አንቶንዮ ፔትሮ የሚባል ሰው የለም አሉት። ቤት ሲመለስ «የሐሰት ስም ነው የሰጠን፤ አገሩ ሚስትና ልጆች ሳይኖሩት አይቀርም» አለ። ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

አደይ ግን ያንን ስም ይዛ ትምህርት ቤት ገባች፣ አገባች፣ እኛን ወለደች። መታወቂያ ላይ ስም ከነአያት ሲባል ለተማርያም አንቶንዮ ፔትሮ ነበረች። አሜሪካ ስንመጣ ደግሞ ሦስተኛው ስም ላስት ኔም ሆነ። ሐኪም ቤት «ሚስስ ፔትሮ» ብለው ሲጠሯት ፊቷ ይለዋወጥ ነበር።

የዜግነቷ ፎርም ሲመጣ የሞላሁላት እኔ ነኝ። አንድ ቦታ ላይ ስምዎን መቀየር ይፈልጋሉ ወይ ይላል። እንደ ዘበት አነበብኩላትና ላልፍ ስል አደይ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ይቻላል እንዴ?» አለችኝ።

ይቻላል አልኳት።

«እንግዲያው አንቶንዮም ፔትሮም ይውጣልኝ። የእናቴን አባት፣ የአቦይ ተስፉን ስም አስገቢልኝ። የውሸታም ስም ይዤ አልቀበርም።»

አንጀቴን በላችው። ደሜም ፈላ፤ በማን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። የእሷ አባት የእኔም አያት ነው። ውሸታም ከሆነ ውሸታምነቱን አይቼ ልመን እንጂ በአደይ አጎት ወሬ አልቀበልም አልኩ። ኢንተርቪው ላይ ይህንኑ ስለሚጠይቁሽ ያኔ ትነግሪያቸዋለሽ፣ እስከዚያ ጊዜ ስጪኝ ብዬ ለመንኳት። ሳቀችብኝ። ከሃምሳ ዓመት በላይ ያልተገኘ ሰው አንቺ በስድስት ወር ልታገኚው ነው አለችኝ። እኔ ደግሞ ብሉሚንግተን አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ የጽዳት ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። ከሰባት ፎቅ መካከል የእንግዳ የጠፋች የጆሮ ጌጥ ፈልጌ የማወጣ ሰው፣ አንድ ሙሉ ጣሊያን እንዴት ይጠፋብኛል?

በእጃችን የነበረው ሰውየው ለአያቴ ትቶላት የሄደው አንድ የቅድስት ሥዕል ብቻ ነው። የመጫወቻ ካርታ ያክላል። ከሥሩ የአንድ መንደር ቤተ ክርስቲያን ስም ታትሞበታል። የመንደሩን ስም አልጽፈውም፤ ደቡብ ኢጣሊያ ነው ልበልና ልለፈው።

አብራኝ የምትሠራ አንዲት ሴት አንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ሰዎች የአያት ቅድመ አያታቸውን መዝገብ የሚፈልጉበት ክፍል እንዳለ ነገረችኝ። ቅዳሜ ድራይቭ አድርጌ ሄድኩ። ስገባ ሽበታም ነጮች በየማሽኑ ላይ አቀርቅረው የኖርዌይና የስዊድን ቅድመ አያቶቻቸውን ይፈልጋሉ። ሁሉም ቀና ብለው አዩኝ። ጣሊያን አያቴን ፍለጋ ነው የመጣሁት ስል አንዲት እርሳስ ጆሮዋ ላይ የሰካች ሴትዮ ምንም ሳይገርማት ወንበር ሳበችልኝ።

ማርሊን ትባላለች። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ በፈቃደኝነት ነው የምታገለግለው። በእናቴ ዕድሜ ያለችን ሴት በስሟ ብቻ መጥራት ስለከበደኝ «ሚስስ ማርሊን» አልኳት። እስከ መጨረሻው እንደዚያው ቀረ።

ሥዕሉን አየችና የመንደሩ የልደት መዝገብ ማይክሮፊልም እንዳለ ካታሎግ ላይ አገኘችው። ኦርደር አደረግን። ፊልሙ ከሌላ ስቴት እስኪመጣ ብዙ ሳምንት ፈጀ። ሲመጣ በየዓመቱ መጨረሻ ላይ የቤተሰብ ስም ዝርዝር አለው፤ እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ «ፔ»ን ይዤ ዝርዝሩን ወረድኩት። ፔትሮ የሚባል ቤተሰብ የለም። ዲ ፔትሮ የሚባሉ ሁለት ቤቶች ነበሩ፤ አንቶንዮ የሚባል ልጅ ግን አልነበራቸውም። የዓመቱን ግምት ወደ ፊት ገፋነው፣ ወደ ኋላ ሳብነው። ምንም የለም።

በመካከሉ የኢንተርቪው ደብዳቤ መጣ። አምስት ሳምንት ቀርቷል። አደይ ደብዳቤውን አጥፋ ከሥዕሏ ጋር አስቀመጠችው። ያኔ ቅስሜ ተሰበረ። ምናልባት አጎት ልክ ነበር፣ ምናልባት ሥዕሉም የመጣው ከሌላ ሰው መንደር ነው ብዬ ማሰብ ጀመርኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በረዶው ውስጥ የሄድኩት ላመሰግናትና ላቆም ነው። ለማርሊን ሕምባሻ ጋግሬ ይዤላት ነበር። በቃኝ ስላት ፊልሙን ከማሽኑ ላይ አላወረደችውም። እንጀራ እንደሚቆርስ ሰው ሕምባሻውን በእጇ እየገመሰች አንድ ነገር ልጠይቅሽ አለችኝ።

«መጀመሪያ ስሙን የጠየቀው ማነው? የጣሊያን ጸሐፊ ነው ወይስ የእናንተ ሰው?»

ምን ለውጥ አለው አልኳት። የእሷ ቅድመ አያቶች ከኖርዌይ የመጡ ገበሬዎች ናቸው። ድሮ እዚያ ሁለተኛው ስም የአባት ነበር፤ የላርስ ልጅ ላርሰን ይባላል፣ እሱ ኦሌ ከሆነ ደግሞ ልጁ ኦልሰን ይሆናል። አሜሪካ ሲመጡ ነው ስሙ ባለበት የቆመው። እናንተም እንደዚያ አይደላችሁም ወይ አለችኝ። በእናንተ ቋንቋ አባቱን የተጠየቀ ሰው የቤተሰብ ስሙን ለምን ይናገራል አለችኝ።

ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ምክንያቱም ስሙን ማን እንደጠየቀው አውቃለሁ። ቤታችን ውስጥ ለስንት ዓመት ስንሥቅበት የኖርን ወሬ ነበር።

ጣሊያኑ አያቴን ብሎ ደጅ ሲመጣ አባቷ አቦይ ተስፉ እንደማንኛውም ጠያቂ ነው የተቀበሉት። በእኛ አገር ዝምድና እንዳይኖር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ከነጭ ጋር ምን ዝምድና ይኖራል ቢሏቸው ደንብ ደንብ ነው አሉ። እንግዲህ ቁጠር ተባለ። ሰውየው በተሰባበረ ትግርኛው፣ የእገሌ ልጅ ለማለት «ወዲ» እያለ፣ አንቶንዮ፣ ወዲ ፔትሮ፣ ወዲ ሚኬለ ብሎ እዚያ ላይ ቆመ። ራሱን አከከ። ሽማግሌዎቹ እስኪያለቅሱ ሣቁ። አያቴ ስታወራው ራሱን አካከኩን ሳይቀር ታስመስለው ነበር። እኛ ቤት ስኳር እንኳን ሲያልቅ «እንደ ጣሊያኑ ሦስት ላይ ቆመ» ነው የሚባለው።

ያን ሁሉ ዘመን ሥቀንበት፣ ምን እንዳለን ግን አልሰማነውም። ፔትሮ አባቱ ነበር። እኛ ደግሞ የፈረንጅ ሁለተኛ ስም የቤተሰብ ስም እንደሆነ እናውቃለን ብለን ተመጻደቅን። አጎትም ጣሊያኖቹ ዘንድ ሲሄድ ፔትሮን የቤተሰብ ስም አድርጎ ነው የጠየቀው።

ከክፍሉ ስልክ ወደ ቤት ደወልኩ። አደይ አነሳች። ሦስተኛው ማን ነበር አልኳት።

«የምኑ ሦስተኛ?»

«ጣሊያኑ የቆመበት።»

«ማን ይረሳዋል፤ ሚኬለ ነዋ» አለችና ምነው በሰላም ነው ብላ ጠየቀችኝ። በሰላም ነው ብዬ ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ ዝርዝሩን ትተን ገጽ በገጽ ማንበብ ጀመርን። የጣሊያን የልደት መዝገብ ደግ ነገር አለው፤ የሕፃኑን አባት ሲጽፍ የማን ልጅ እንደሆነም ይጨምራል። ማርሊን በአንዱ ማሽን፣ እኔ በሌላው። እኔ ከአስመራ ያመጣኋት ጣሊያንኛ ለገበያና ለስድብ የምትሆን ናት፤ ስምና ቁጥር ለማንበብ ግን በቃችኝ። ቅዳሜ ብቻ ስላልበቃን ዴይ ኦፌንም ጨመርኩበት። ዓይኔ እንባ እስኪያቀር አነበብኩ።

በሁለተኛው ሳምንት አንቶንዮ የፔትሮ ልጅ አገኘሁ። አባትየው ግን የጁዜፔ ልጅ ነው። ተናድጄ እርሳሴን ወረወርኩ። ማርሊን አንስታ ሰጠችኝና ወደ ማሽኗ ተመለሰች።

በሦስተኛው ሳምንት አገኘሁት። ሕፃኑ አንቶንዮ፣ አባቱ ፔትሮ፣ እሱም የሟቹ ሚኬለ ልጅ። የቤተሰቡ ስም ፈጽሞ ሰምተነው የማናውቀው ስም ነው። ደግሜ አነበብኩት፣ ሦስተኛም አነበብኩት፤ «ሚስስ ማርሊን» ብዬ መጣራቴን እንጂ ሌላው አይታወቀኝም።

ከጽሑፉ ጎን፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ በሌላ ቀለም የተጨመረ ነገር ነበር። ማርሊን ጣቷን እያስኬደች በመዝገበ ቃላት ፈታችው። በጦርነቱ ጊዜ ኬንያ ውስጥ፣ የእንግሊዝ እስረኛ ሆኖ ሞቷል ይላል። ቀጥላ ከዚያ ከፍ ብሎ ያለውን ባዶ ቦታ አሳየችኝ። አግብቶ ቢሆን እዚያ ላይ ይጻፍ ነበር አለችኝ። ምንም የለም። ክፍሉ ውስጥ በሽማግሌዎቹ ፊት አለቀስኩ፤ አላፈርኩም።

ቤት ስደርስ አደይ ሶፋው ላይ ሹራብ ትሠራለች። ኮፒውን ጭኗ ላይ አስቀምጬ እያንዳንዱን ስም በጣቴ እያሳየሁ ነገርኳት። መነጽሯን አደረገች። አንቶንዮ፣ ፔትሮ፣ ሚኬለ፤ በጣቷ እየነካች እንደ ቆጠራው ደገመቻቸው።

«አልዋሸም?» አለችኝ።

«አልዋሸም፣ አደይ። የተጠየቀውን ነው የመለሰው።»

ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ተቆጣች እንጂ አላለቀሰችም። ታዲያ ካሚዮኑ ላይ ሆኖ ለምን ዞር ብሎ አላየኝም አለች። ይህን የትኛውም ማይክሮፊልም አይመልስም። ትንሽ ቆይታ ኬንያ ሙቀት ነው ወይስ ብርድ ብላ ጠየቀችኝ። ያኔ ነው ድምፅዋ የተሰበረው።

የቤተሰቡን እውነተኛ ስም መያዝ ከፈለግሽ እሱንም ማስገባት ይቻላል አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ያንን ለእኛ አልሰጠንም አለች። ኢንተርቪው ላይ ምን እንደምትል ግን አልነገረችኝም፤ እኔም መጠየቅ ፈራሁ።

የቀጠሮው ቀን በአስተርጓሚነት አብሬያት ገባሁ። ኦፊሰሩ ወጣት ነው፣ ትሁት። ፎርሙን እያየ ሄዶ ሄዶ ስምዎን መቀየር ይፈልጋሉ ወይ ጋ ደረሰ። ልተረጉምላት አፌን ስከፍት አደይ እጇን ክንዴ ላይ ጫን አደረገች።

«ኖ ቼንጅ» አለችው።

ኦፊሰሩ እርግጠኛ ለመሆን ላስት ኔም ፔትሮ እንዳለ ይቆይ ወይ አላት። አደይ ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

«የስ» አለች። «ፔትሮ ኢዝ ማይ ግራንድፋዘር።»

ሰውየው ፈገግ ብሎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። ለእሱ ተራ መልስ ነው። እኔ ግን የቀረውን ኢንተርቪው እንዴት እንደተረጎምኩ አላስታውስም።

አደይ ዛሬ በሕይወት የለችም፤ በገዛ ስሟ ተቀብራለች። መቃብሯ ላይ ሦስቱንም ስም አስጻፍኩ። ማርሊንም በቀብሩ ላይ ነበረች፤ በከዘራ መጥታ ከኋላ ቆማ።

እኔ ግን ፍለጋውን አላቆምኩም። ልጆቼ አሁን ምን ቀረሽ ይሉኛል። የሚኬለን አባት ካገኘሁ በኋላ የእሱን አባት አገኘሁ፤ ከዚያም አንድ ጨመርኩ። ስድስት ላይ ደርሻለሁ። አቦይ ተስፉ የጠየቁት ሰባት ነው። ሰውየው ደጃቸው ላይ ራሱን እያከከ ተሥቆበት ቀርቷል፤ የጎደለውን ሳልቆጥርለት አልቀመጥም።